የኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ቁምስና፦ ታሪኩ፣ አደረጃጀቱና የምእመናኑ ሕይወት

ቁምስና በካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን አሠራር በአንድ ሀገረ ስብከት ውስጥ በቋሚነት የተመሠረተና እረኝነቱ በጳጳሱ ሥልጣን ሥር ለአንድ ካህን፣ ማለትም ለቆሞሱ፣ በአደራ የተሰጠ የምእመናን ማኅበረሰብ ነው። በ1983 የወጣው የላቲን ሥርዓት ሕገ ቀኖና በቁጥር 515፣ በ1990 የወጣው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና ደግሞ በቁጥር 279 ይህንኑ በተቀራረበ አነጋገር ይደነግጋሉ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ሁለቱም ሕጎች አስቀድመው የሚያነሡት ሕንፃውን ሳይሆን ሰዎቹን ነው። የኢትዮጵያ ቁምስናዎች ታሪክም ይህንኑ ያረጋግጣል፤ ካህን ርቆ በነበረበትና ሚስዮናውያን በተባረሩበት ጊዜ ሁሉ እምነቱን ይዘው የቆዩት የአገሩ ተወላጆች፣ ይልቁንም ምእመናን፣ ናቸውና።

ካቶሊካውያን በሀገሪቱ በቁጥር ጥቂት ናቸው። በ2007 በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከጠቅላላው ሕዝብ ካቶሊክ ሆኖ የተመዘገበው 0.7 ከመቶ ያህል ብቻ ነበር። እነዚህ ጥቂቶች ደግሞ በሁለት የአምልኮ ሥርዓቶች ይኖራሉ። በአዲስ አበባ፣ በዓዲግራት፣ በእምድብርና በባሕር ዳር–ደሴ አህጉረ ስብከት የሚገኙት ቁምስናዎች የግዕዝን ሥርዓት ይከተላሉ፤ በሐረር፣ በመቂ፣ በነቀምቴ፣ በሀዋሳ፣ በሶዶ፣ በሆሳዕና፣ በጅማ–ቦንጋና በጋምቤላ የሚገኙት ግን የላቲንን ሥርዓት ይከተላሉ። ስለዚህ ከወላይታ ወደ አዲስ አበባ ለትምህርት የመጣ ወጣት በልጅነቱ ከሚያውቀው የተለየ ቅዳሴ ይጠብቀዋል። እምነቱና ምሥጢራቱ ግን አንድ ናቸው፤ በየትኛውም ቁምስና መቁረብ ይችላል።

አጀማመሩ

ከሮም ጋር የነበረው ግንኙነት ከቁምስናዎቹ ይልቅ ጥንታዊ ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ኢትዮጵያውያን መነኰሳት በቫቲካን ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በምትገኘው በቅዱስ እስጢፋኖስ ይኖሩ ነበር፤ የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት በ1513፣ አዲስ ኪዳን ደግሞ በ1548 እና በ1549 በሮም የታተሙት በዚሁ ትውውቅ ነው። የኢየሱሳውያን ማኅበር ሚስዮናውያን በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሀገር ውስጥ ሠርተዋል። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት ተቀበሉ፤ ይሁን እንጂ በ1625 የመጡት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ የሀገሩን ሥርዓት ለማስለወጥ በመነሣታቸው ብዙ ደም ፈሰሰ፣ ንጉሡም በ1632 የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። የዚያን ዘመን ጥፋት ለማን መስጠት እንደሚገባ የታሪክ ጸሐፊዎች አንድ ቃል የላቸውም። የሮም እምነት ከላቲን ልማድ ጋር ተጠቅልሎ መቅረቡ ግን ጉዳቱ ከባድ እንደነበረ ካቶሊካውያኑ ራሳቸው ዛሬ ይቀበላሉ። ቀጥሎ ያሉት ሁለት መቶ ዓመታት የዝምታ ዘመን ናቸው።

የዛሬዎቹ የሰሜን ቁምስናዎች በቀጥታ የሚወለዱት ከቅዱስ ዮስጢኖስ ዴ ያቆቢስ ነው፤ ሕዝቡ አቡነ ያዕቆብ እያለ ይጠራቸዋል። በ1800 በደቡብ ኢጣሊያ በሳን ፌሌ ተወልደው በቅዱስ ቪንሴንት ደ ፖል የተመሠረተው የላዛሪስቶች ማኅበር አባል ሆኑ። በ1839 ወደ ትግራይ ገብተው በዓድዋ ሥራቸውን ሲጀምሩ ካለፈው ስሕተት ትምህርት የወሰዱ ይመስላሉ፤ የሀገሩን መነኰሳት ልብስ ለበሱ፣ የሀገሩን ምግብ በሉ፣ ቋንቋዎቹን ተማሩ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የላቲኑን ሥርዓት ትተው በግዕዝ ቀደሱ። ይህ ውሳኔ በዘመኑ ቀላል አልነበረም፤ የግዕዝ ሥርዓት ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ዛሬ መኖሯም የእርሱ ፍሬ ነው።

በ1841 የትግራይና የሰሜን ገዥ ደጃዝማች ውቤ ከእስክንድርያ ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብፅ በላኩት የመልእክተኞች ጓድ ውስጥ አቡነ ያዕቆብ አብረው ሄዱ። የመልእክቱ ውጤት የአቡነ ሰላማ መሾም ሆነ፤ ከጓዱ አንዳንዶቹ ግን ከአቡነ ያዕቆብ ጋር እስከ ሮም ዘልቀው ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ር.ሊ.ጳ.) ጎርጎርዮስ 16ኛ ጋር ተገናኙ። ከተጓዦቹ መካከል ከጎጃም የመርጡለ ማርያሙ መነኰስ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። በ1791 የተወለዱት እኚህ ሊቅ አንድ ዓይናቸው ያልነበረ፣ የነገረ መለኮትን ክርክር ከገዳም ገዳም እየዞሩ የመረመሩ ሰው ናቸው። በ1844 ወደ ካቶሊክ እምነት ገቡ፤ በጎልዓ፣ ከዓዲግራት አቅራቢያ፣ በተከፈተው የክህነት ትምህርት ቤት ወጣቶችን አስተማሩ፣ በ1851ም ከአቡነ ያዕቆብ እጅ ቅስናን ተቀበሉ። አቡነ ያዕቆብ ራሳቸው በ1849 በምጽዋ ከፍራንሲስካውያን ማኅበራት አንዱ የሆነው የካፑቺን ማኅበር አባል በሆኑት በጳጳስ ጉልየልሞ ማሳያ እጅ፣ በስደት ላይ እያሉ፣ ጵጵስናን ተቀብለው ነበር። ለሀገሩ ልጆች በሀገሩ ሥርዓት ክህነት የመስጠት ሥልጣን በዚህ ተገኘ፤ ቁምስናዎቹ ሚስዮናውያኑ በሌሉበት ጊዜ ሊቆሙ የቻሉትም በዚህ ምክንያት ነው።

ካሳ ኃይሉ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ኃይላቸው በበረታ ጊዜ አቡነ ያዕቆብም አባ ገብረ ሚካኤልም በጎንደር ታሰሩ። አቡነ ያዕቆብ ከሀገር እንዲወጡ ሲደረግ አባ ገብረ ሚካኤል ግን እምነታቸውን አልክድም በማለታቸው በሰንሰለት እንደ ታሰሩ ከንጉሡ ሠራዊት ጋር ከቦታ ቦታ ተጎተቱ፣ በ1855ም በሰማዕትነት ዐረፉ። ከዙፋኑ አንጻር የሚጽፉ ሰዎች ጉዳዩን የመንግሥት አንድነት ጥያቄ አድርገው ያዩታል። ቤተ ክርስቲያን በበኩሏ በ1926 ብፁዕ ብላ ሰይማቸዋለች። አቡነ ያዕቆብ በሐምሌ 1860 በዛሬይቱ ኤርትራ በሐላይ አቅራቢያ በመንገድ ላይ ዐርፈው በሄቦ ተቀበሩ፤ በ1975 ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛ ቅድስናቸውን አውጀዋል። በትግራይ በኢሮብ የምትገኘው ዓሊቴና ከእርሳቸው ዘመን ጀምሮ ካቶሊካዊ ሆና የዘለቀች ሲሆን ከሀገሪቱ ቁምስናዎች ሁሉ እጅግ የተከበረች ናት ማለት ይቻላል።

በደቡብና በምዕራብ ጀማሪዎቹ ካፑቺኖቹ ናቸው። ማሳያ በ1852 ወደ ኦሮሞ ሀገሮች ገብተው ከጉድሩ እስከ ከፋ ሚስዮኖችን ከፈቱ፤ ሕዝቡን ከፈንጣጣ ለመከላከል ይከትቡ ስለነበር አባ ፈንጣጣ ተባሉ። ከ1868 ጀምሮ በምኒልክ የሸዋ ግዛት ሠርተው በ1879 በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ ከሀገር ወጡ። በሐረር ብፁዕ አቡነ እንድርያስ ዣሮሶ ከ1900 ጀምሮ በጵጵስና አገልግለዋል፤ የኋላው ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በልጅነታቸው ከእርሳቸው ዘንድ ተምረዋል። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ፈረንሳውያን ሚስዮናውያን ቦታቸውን ለኢጣሊያውያን እንዲለቁ ተደረገ። አንዳንዶች በዚህ የተነሣ ቤተ ክርስቲያኗን ከወራሪው ጋር ያያይዟታል፤ ነገሩ በየቦታው የተለያየ በመሆኑ በጥቅሉ መፍረድ አይገባም።

የሀገሩ ተወላጆች መሪነት ቀስ በቀስ ደርሷል። በቫቲካን የኢትዮጵያ ኮሌጅ በ1919 ተከፈተ፤ በ1961 አዲስ አበባ የሊቀ ጳጳስ መንበር ሆነች፤ አቡነ ጳውሎስ ጻድዋ በ1985 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካርዲናል ሆኑ፤ አቡነ ብርሃነየሱስ ሱራፌል በ2015 ሁለተኛው ሆነዋል። በዚያው ዓመት የኤርትራ ቤተ ክርስቲያን አሥመራን መንበሯ አድርጋ ራሷን ችላለች። በደርግ ዘመን ብዙ የቤተ ክርስቲያን ንብረት ተወርሷል።

አደረጃጀትና አገልግሎት

የቁምስናው ኃላፊ ቆሞሱ ነው፤ በትላልቅ ቁምስናዎች ምክትል ቆሞስ ይኖረዋል። የቁምስና ምክር ቤት ከምእመናን የሚመረጥ ሲሆን የሐዋርያዊ ሥራውን ዕቅድና የገንዘቡን ጉዳይ ከቆሞሱ ጋር ይመክራል። በግዕዝ ሥርዓት ሀገር በቀሉ ልማድ ባለትዳር ካህናትን የሚፈቅድ ቢሆንም ዛሬ የሚያገለግሉት ካህናት በአብዛኛው ደናግል ናቸው፤ ይህ እንዲቀጥል ወይስ ጥንታዊው ልማድ እንዲስፋፋ የሚለው ጉዳይ ሲነሣ ይሰማል።

በገጠር አንድ ቁምስና ማለት አንድ ማዕከልና በዙሪያው በእግር የሰዓታት መንገድ ላይ የተበተኑ ጸሎት ቤቶች ናቸው። ካህኑ በየተራ ስለሚዞር አንዳንዱ ጸሎት ቤት ቅዳሴ የሚያገኘው ከሳምንታት በኋላ ነው። በመሐሉ ያለውን እሑድ የሚመራው ካቴኪስቱ ነው፤ ሕዝቡን ሰብስቦ ንባባቱን ያነባል፣ ያስረዳል፣ ጸሎቱን ይመራል፣ ሕሙማንን ይጠይቃል፣ ለጥምቀትና ለመጀመሪያ ቁርባን የሚዘጋጁትን ያስተምራል። ብዙዎቹ ገበሬዎች ናቸው፤ የሚከፈላቸው ትንሽ ነው፣ አንዳንዶቹም በነጻ ያገለግላሉ። በካህናት ስም የተጻፉ የቤተ ክርስቲያን ታሪኮች ለእነዚህ ሰዎች የሚገባቸውን ቦታ አልሰጧቸውም።

የቁምስናው ትዝታ ያለው በመዝገቦቹ ነው። ሕገ ቀኖና እያንዳንዱ ቁምስና የጥምቀት፣ የጋብቻና የሙታን መዝገብ እንዲይዝ ያዛል። በጥምቀት መዝገቡ የተጠማቂው ስምና የክርስትና ስም፣ የልደቱ ቀን፣ የወላጆቹ ስም፣ የክርስትና አባት ወይም እናት፣ ያጠመቀው ካህን ስም በአንድ መስመር ይሰፍራሉ። በኋላ ያ ሰው ሲያገባ ወይም ክህነትን ሲቀበል ቆሞሱ ያንኑ መስመር ፈልጎ በኅዳጉ ይጽፍበታል፤ ጋብቻው የተፈጸመው በሌላ ከተማ ከሆነም ያ ቁምስና ደብዳቤ ይልካል። ስለዚህ በሐረር የሚያገባ የዓዲግራት ልጅ ከተጠመቀበት ቁምስና የምስክር ወረቀት ማምጣት አለበት። በሰሜኑ ጦርነት ከ2020 እስከ 2022 የዓዲግራት ሀገረ ስብከት ብዙ ሲጎዳ ከሰው ሕይወትና ከሕንፃ ሌላ ይህ ዓይነት መዝገብም ለአደጋ የተጋለጠ ነበር።

የምእመናን ሕይወት

በግዕዝ ሥርዓት ቁምስናዎች ቅዳሴው በግዕዝና በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይደርሳል፤ የላቲኑ በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ። የገናና የፋሲካ በዓላት በሀገሩ አቆጣጠር ከኦርቶዶክሳውያን ጋር በአንድ ቀን ይከበራሉ፤ በተደባለቀ ቤተሰብ ውስጥ ለሚኖሩት ይህ ታላቅ በረከት ነው። የመቁጠሪያ ጸሎትና በዐቢይ ጾም ዓርብ የሚደረገው ፍኖተ መስቀል ከላቲኑ ወገን የመጡ ናቸው፤ ሕዝቡ ግን ወዷቸው የራሱ አድርጓቸዋል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1964 ስለ ምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ባወጣው ድንጋጌ ወደ ጥንቱ ትውፊት መመለስን ስለሚያሳስብ፣ የትኛው ይቀር የትኛው ይቆይ የሚለው ውይይት በሊቃውንቱ ዘንድ ይቀጥላል። መቁጠሪያውን ከእናቶች እጅ ማስጣል ግን የሚታሰብ አይደለም።

ከቅዳሴ ውጭ ያለው ሕይወት በማኅበራት ይሄዳል። የምእመናን የጸሎትና የአገልግሎት ማኅበር የሆነችው ሌጊዮ ማሪያ በየሳምንቱ ተሰብስባ ጸልያ ሕሙማንን ትጎበኛለች፤ የቅዱስ ቪንሴንት ደ ፖል ማኅበር ችግረኛ ቤተሰቦችን ይረዳል፤ መዘምራንና የወጣቶች ማኅበር የየራሳቸው ቀን አላቸው። በብዙ ቁምስናዎች ምእመናን በሰፈር በትናንሽ ክርስቲያናዊ ማኅበረሰቦች ተከፍለው በየቤቱ እየተገናኙ ወንጌል ያነባሉ። በሐዘን ጊዜ ካቶሊካዊው እንደ ጎረቤቱ በሰፈሩ እድር ይሳተፋል፤ ድንኳኑ የእድሩ፣ ፍትሐቱ የቁምስናው ነው።

ትምህርት ቤቱና ክሊኒኩ የቁምስናው ግቢ አካል ናቸው፤ ከሚያስተናግዷቸው አብዛኞቹ ካቶሊካውያን አይደሉም። ከዚህ ዓይነት አገልግሎት ያደጉት እንደ አጣጥና እንደ ወሊሶው ቅዱስ ሉቃስ ያሉ ሆስፒታሎች በአካባቢያቸው የታወቁ ናቸው። የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች መልካም ስም በደናግል እህቶችና በወንድሞች የብዙ ዓመታት ድካም የተገኘ ነው። የቁምስናው ገቢ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሙዳየ ምጽዋቱ ገንዘብ በገጠር የካህኑን ትራንስፖርት እንኳ ስለማይሸፍን ለረጅም ጊዜ ልዩነቱን የሞላው ከውጭ የሚመጣ ርዳታ ነበር። የውጭ ሚስዮናውያን ቁጥር እየቀነሰና ኢትዮጵያውያን ካህናት ቦታቸውን እየተረከቡ በመጡ ቁጥር ምክር ቤቶቹ ምእመናን ዓመታዊ አስተዋፅኦ እንዲከፍሉ፣ የቁምስናው መሬት ካለም እንዲለማ ይሠራሉ። በከተማ ይህ በመጠኑ ተሳክቷል፤ በገጠር ካቴኪስቱን በቋሚነት ማስተዳደር አሁንም የብዙ ቁምስናዎች ጭንቀት ነው።