ይቆማል ወይስ አይቆምም? ሆልቲንግ ፕሮብለም ለደብረ ብርሃን ተማሪ

የማንኛውንም ፕሮግራም ኮድና ግብአት ተቀብሎ «ይቆማል» ወይም «አይቆምም» ብሎ ሁልጊዜ በትክክል የሚፈርድ ሌላ ፕሮግራም መጻፍ ይቻላል? ሆልቲንግ ፕሮብለም የሚባለው ይህ ጥያቄ ነው። መልሱ አይቻልም ነው፤ በሒሳብ ተረጋግጧል።

በ1999 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ዩኒቨርሲቲያችን ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረ ሰው ስሙን ሳይሰማ ነገሩን ያውቀዋል። ጠዋት ላብ ውስጥ፣ ጣት በደብረ ብርሃን ብርድ ድንዝዝ ብሎ፣ አንዱ ዋይል ሉፕ (ሁኔታው እስከተሟላ ድረስ የሚደጋገም የኮድ ክፍል) ውስጥ ቆጣሪውን በአንድ የሚጨምረውን አይ ፕላስ ፕላስ መጻፍ ይረሳል። ጥቁሩ መስኮት ላይ ያው ቁጥር ያለማቋረጥ ይወርዳል። አጠገቡ ያለው ልጅ «ኧረ ኮንትሮል ሲ በለው!» ይላል፤ ፕሮግራሙን በግድ አቁመው ማለቱ ነው።

ይህ ዓይን የሚያየው ስህተት ነው። ዓይን የማያየውም አለ። 1፣ 2፣ 3 እያሉ ከሚቀጥሉት ቁጥሮች አንዱን ውሰዱ። ተጋማሽ ከሆነ ለ2 አካፍሉ፤ ኢ-ተጋማሽ ከሆነ በ3 አባዝታችሁ 1 ደምሩ። 1 ላይ ስትደርሱ አቁሙ። ከ26 ብትነሱ በ10 እርምጃ ያልቃል። ከ27 ብትነሱ ግን ቁጥሩ እስከ 9,232 ይወጣና 1 የሚሆነው በ111ኛው እርምጃ ነው። ከየትኛውም ቁጥር ቢነሳ እንደሚቆም እስከ ዛሬ ያረጋገጠ የለም። ኮዷ ግን ከአምስት መስመር አትበልጥም።

የታሪኩ ዋና ዓመት እ.ኤ.አ. 1936 ነው። በ1928 ዴቪድ ሂልበርትና ቪልሄልም አከርማን የሎጂክ ጥያቄዎችን ሁሉ በሥርዓት የሚወስን ዘዴ ይኖር እንደሆነ ጠይቀው ነበር። በ1936 አሜሪካዊው አሎንዞ ቸርች እንደሌለ አሳየ። እንግሊዛዊው አለን ቱሪንግም በራሱ መንገድ እዚያው ደረሰ፤ ጽሑፉን ሲያስገባ 24 ዓመት እንኳ አልሞላውም። ቸርች በጊዜ ይቀድማል፤ ግን ነገሩን ለሁላችንም የገለጠው ያለ ጥርጥር ቱሪንግ ነው። ቱሪንግ በሐሳቡ የፈጠረው ማሽን በካሬ የተከፋፈለ ማለቂያ የሌለው ጥብጣብ አለው። አንዱን ካሬ ያነባል፣ ይጽፋል፣ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ አንድ ይራመዳል። በቃ። ዛሬ ኮምፒውተር የሚሠራው ስሌት ሁሉ በዚህ ሊሠራ ይችላል። ቱሪንግ የጠየቀው ማሽኑ አሃዝ መጻፉን ለዘላለም ይቀጥል እንደሆነ ነበር። አሁን የምንማረው መልክ የመጣው በ1950ዎቹ ሲሆን ስያሜው ብዙ ጊዜ ለማርቲን ዴቪስ ይሰጣል።

ማረጋገጫው አጭር ነው። ፈራጁ ፕሮግራም አለ እንበልና «ዳኛ» እንበለው። አሁን «እንቢተኛ» የሚባል ፕሮግራም እንጽፋለን። እንቢተኛ የአንድ ፕሮግራም ኮድ ይቀበላል፤ «ይህ ፕሮግራም የራሱ ኮድ ቢሰጠው ይቆማል?» ብሎ ዳኛን ይጠይቃል። ዳኛ «ይቆማል» ካለ እንቢተኛ ማለቂያ የሌለው ሉፕ ውስጥ ይገባል። «አይቆምም» ካለ ወዲያው ይቆማል። እንግዲህ ለእንቢተኛ የራሱን ኮድ ስጡት። ዳኛ ያለውን ቢል ተሳሳተ። ስለዚህ ዳኛ የለም።

በ1953 ሄንሪ ራይስ ውጤቱን ስለ ፕሮግራም ባሕርይ ወደሚነሱ ጥያቄዎች ሁሉ ማለት ይቻላል አሰፋው። በ1962 ቲቦር ራዶ ደግሞ ባዶ ጥብጣብ ላይ ተነስቶ በመጨረሻ ከሚቆም ትንሽ ማሽን ውስጥ ረጅም የሚሮጠው የቱ እንደሆነ ጠየቀ። አምስት ሁኔታ (ማሽኑ ቀጥሎ የሚያደርገውን የሚወስኑ የውስጥ መልኮች) ብቻ ካላቸው ረጅሙ 47,176,870 እርምጃ ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ የሚሄድ እንደሌለ የተረጋገጠው በ2024 ነው።

ይህ ሁሉ፣ ሰው ከማሽን እንደሚበልጥ ያሳያል የሚሉ አሉ። ክርክሩ አላለቀም፤ እኔ ግን የ27ን 111 እርምጃ በቃሉ የጨረሰ ሰው ሳላይ አልቀበልም።

በተግባር ሁሉም ነገር ጨለማ አይደለም። ስንት ጊዜ እንደሚዞር አስቀድሞ የተወሰነለት ሉፕ መቆሙ አያጠራጥርም። ብዙ ፕሮግራሞችን መርምረው «ይቆማል» የሚሉ መሣሪያዎችም አሉ፤ ሲቸግራቸው «አላውቅም» ይላሉ። ተማሪዎቻችን የሚሞክሯቸው የኮድ ውድድሮች ፕሮግራሙ ይቆም እንደሆነ ጭራሽ አይመረምሩም። ሰዓት ይይዛሉ፤ ለምሳሌ 2 ሰከንድ ካለፈ «ታይም ሊሚት» ብለው ይገድሉታል። ለመጨረስ ጥቂት የቀረውም፣ ፈጽሞ የማይቆመውም እኩል ይወድቃሉ።