«ቶንሲል ነው፣ ይተወዋል»፦ ስለ ልጆች ልብ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

የእህቴ ልጅ አሥር ዓመቷ ነው። በየአራት ሳምንቱ መርፌ ትወጋለች። የቀጠሮ ካርዷ ፍሪጃችን ላይ ተለጥፏል፤ ቀኑን የምቆጥረው እኔ ነኝ። እዚህ የደረስነው ቤተሰቡ ሁሉ እውነት ነው ብሎ ይዟቸው በኖረ ነገሮች ምክንያት ነው። ሌላ ቤት እንዳይደገም ብዬ ልጻፋቸው።

«የልብ ሕመም የትልቅ ሰው ነው»

አይደለም። ከ100 ሕፃናት አንዱ ገደማ የልብ እክል ይዞ ይወለዳል። ሌሎች ደግሞ ጤነኛ ሆነው ተወልደው፣ ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ ይታመማሉ። ይሄኛው ሩማቲክ የልብ ሕመም ይባላል። አገራችን ውስጥ ብዙ ልጆችን ይጎዳል፤ የሚጀምረውም ከጉሮሮ ነው።

«ቶንሲል ነው፣ ይተወዋል»

አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም እውነትም በራሱ ይተዋል። ሳልና ንፍጥ ካለው ብዙውን ጊዜ ቫይረስ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ የሚያመጣው ግን ይለያል። ድንገት ይጀምራል፣ ያተኩሳል፣ ምራቅ መዋጥ ያቅታል፣ አንገት ሥር ያሉ እጢዎች ያብጣሉ። ሳል ብዙም የለውም። በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ እንዲህ ሲሆን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ከተጀመረ የሩማቲክ ትኩሳትን መከላከል ይቻላል።

ካልታከመስ? ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያዘጋጀው መከላከያ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ በስህተት ወደ ራሱ ይዞራል። ሩማቲክ ትኩሳት የሚባለው ይሄ ነው። መገጣጠሚያን ያሳምማል፤ የልብን ቫልቮች፣ ማለትም ደም የሚያሳልፉትን በሮች፣ ያቆስላል። የመገጣጠሚያው ይድናል። የቫልቩ ጠባሳ ግን ሊቀር ይችላል።

«እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥለት»

እንጥል መቁረጥ ባክቴሪያውን አይገድለውም። ደም ያፈሳል፣ ሌላ ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ለቴታነስም ያጋልጣል። ከዚህም በላይ ቤተሰቡ «ታክሟል» ብሎ ይቀመጣል፤ እነዚያ 9 ቀናትም ያልፋሉ። እባካችሁ፣ ልጅ አታስቆርጡ።

«ጉልበቷን ብርድ መቷት ነው»

እኛም ያልነው ይሄንኑ ነው። መጀመሪያ ቀኝ ጉልበቷ አበጠ። ቫዝሊን ቀባን፣ በጨርቅ ጠቀለልን። በሦስተኛው ቀን ጉልበቷ ተሻላት፤ ቁርጭምጭሚቷ ግን አብጦ አደረ። እንዲህ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዞር፣ ትኩሳት ያለው እብጠት የሩማቲክ ትኩሳት ምልክት ነው። ልጆች ሲያድጉ የሚያማቸው ሕመም የተለየ ነው። ማታ ማታ ሁለቱንም እግር ያማል፣ እብጠት የለውም፣ ጠዋት ልጁ ተነስቶ ይሮጣል።

ከወራት በኋላ ደግሞ ጽሕፈቷ ተበላሸ። ደብተሯን አሁንም አስቀምጬዋለሁ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ፊደላት መስመራቸውን ጠብቀው ተቀምጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ወዲያና ወዲህ ይበታተናሉ። ማንኪያ ከእጇ ይወድቅ ነበር፣ ፊቷ ሳታስበው ይንቀሳቀስ ነበር። አስተማሪዋ ቀጣቻት፣ ጎረቤት «ቡዳ በልቷት ነው» አለ። ይሄም የዚያው በሽታ ገጽታ ነው። ጸበል ለሚወስዳት ሰው እሺ አልን፤ ሆስፒታልም ሄድን። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

«ከተሻላት መርፌው ይቁም»

የከፋው ስህተት ይሄ ይመስለኛል። መርፌው፣ ማለትም ቤንዛቲን ፔኒሲሊን፣ የሚሰጠው አሁን ላለው ሕመም ማስታገሻ ሆኖ አይደለም። ቀጣዩ የጉሮሮ ኢንፌክሽን እንዳይገባ በር ለመዝጋት ነው። አንዴ ሩማቲክ ትኩሳት የያዘው ልጅ ድጋሚ ሊይዘው ይችላል፤ በያዘው ቁጥርም ቫልቩ ላይ ጠባሳ ይጨመራል። መርፌው በደም ውስጥ የሚቆየው ለሳምንታት ብቻ ስለሆነ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይደገማል። ለዓመታት ይቀጥላል፤ ቫልቩ ለተጎዳ ልጅ ቢያንስ 10 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። መቼ እንደሚቆም የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

«መርፌው ይገድላል» የሚል ፍርሃትም አለ። ከባድ አለርጂ ያጋጥማል፣ ግን በጣም ጥቂት ነው። ቫልቩ ክፉኛ ለተጎዳ ልጅ ሐኪሙ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን ሊመርጥ ይችላል። እኛ ቁርስ አብልተን፣ ውሃ አጠጥተን ነው የምንወስዳት። ተኝታ ትወጋለች፣ ከዚያ ትንሽ አረፍ ብላ ትነሳለች።

«ጡት ሲጠባ የሚያልበው ሞቆት ነው»

ሕፃን «ደረቴን አመመኝ» አይልም። ሲጠባ ነው የሚታየው። ሁለት ሦስት ጊዜ ስቦ ያቆማል፣ ያለከልካል፣ ግንባሩ በላብ ይርሳል፣ ሳይጠግብ ይተኛል። ክብደት አይጨምርም። «ሳንባ ምች» እየተባለ ደጋግሞ ይታከማል። ተኝቶ ሳለ ልብሱን ገልጣችሁ ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች የሆነ ሕፃን 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ይታይ። ከንፈሩና ምላሱ ከጠቆረ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ግን ነገ አይባልም። ትንሽ ከፍ ያለው ልጅ ሮጦ ሮጦ ቁጢጥ የሚል ከሆነም ለሐኪም ንገሩ።

«እናትየዋ እርጉዝ ሳለች ደንግጣ ነው»

ይህን ቃል እናት ፊት አትናገሩ። ልጅ የልብ እክል ይዞ የሚወለድበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ አይታወቅም። የሚታወቁም አሉ፦ ኩፍኝ መሰል የሆነው ሩቤላ፣ ያልተቆጣጠሩት ስኳር፣ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ዳውን ሲንድረም። ድንጋጤ ግን ልብ አይበሳም።

«የልብ ሕመም ያለበት ልጅ አይሩጥ፣ አይጫወት»

ብዙዎቹ መጫወት ይችላሉ። ገደብ ካለ ሐኪሙ ይነግራችኋል። «ልቡ ድምፅ አለው» መባልም ሁልጊዜ በሽታ አይደለም፤ ጤነኛ ልጆች ላይም ይሰማል። የሚለየው ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ፣ ነው። ጥርሱን ግን አደራ። «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል» አትበሉ። ከበሰበሰ ጥርስ የሚነሳ ባክቴሪያ በደም ሄዶ የተጎዳ ልብ ላይ ሊያርፍ ይችላል።

«ውጭ አገር ካልሄደ አይድንም»

ልብ ላይ ያሉ ብዙ ትንንሽ ቀዳዳዎች በራሳቸው ይዘጋሉ፤ ክትትል ብቻ ይበቃቸዋል። ኦፕራሲዮንም አገር ውስጥ ይሠራል። ዶ/ር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ነው ያለው፤ ሥራ የጀመረው በፈረንጆቹ 2009 ነው። ወረፋው ረጅም ስለሆነ ምርመራውን አታዘግዩ። ስትጠብቁም የልጁን መርፌ አንድ ወር እንኳ አታሳልፉ።