ተዋጊ ጄት «በ15 ደቂቃ ዝግጁ» ነው ሲባል ከመቼ ጀምሮ ነው የሚቆጠረው?

የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ወደ ሮም የሚበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 702 በረዳት አብራሪው ተጠልፎ ጄኔቫ ሲያርፍ የስዊዘርላንድ ተዋጊ ጄቶች አልተነሡም፤ የሚሠሩት በቢሮ ሰዓት ብቻ ነበር። ያጀቡት የጣሊያንና የፈረንሳይ ጄቶች ናቸው። ባሕር ዳር ውስጥ ይህ ጉዳይ ሲነሣ «ወታደሩ የት ነበር?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። አሁን ስዊዘርላንድ ሁለት ጄቶችን ቀንና ሌሊት «በ15 ደቂቃ ዝግጁ» አድርጋ ታቆማለች።

ነገር ግን 15 ደቂቃው የሚቆጠረው ትእዛዝ ከተሰጠ በኋላ ሲሆን፣ የሚያበቃውም ጄቱ ከመሬት ሲነሣ ነው። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን ከባሕር ዳር ሰማይ ደብረ ማርቆስ ሰማይ ላይ በ10 ደቂቃ ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ጄቱ ሳይነሣ ጎጃምን ሊያልፍ ይችላል።

ትእዛዙም ወዲያው አይሰጥም። የአንድ አውሮፕላን የሬዲዮ ዝምታ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ሞገድ ውጤት ስለሆነ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች መጀመሪያ በአደጋ ጊዜው ሞገድ በ121.5 ሜጋኸርዝ ይጣራሉ፤ በአቅራቢያ ያሉ አብራሪዎችንም ይጠይቃሉ።

እኔን የሚያስቆጨኝ የቆጵሮሱ ሄሊዮስ አየር መንገድ በረራ 522 ነው። ነሐሴ 8 ቀን 1997 ዓ.ም. ከቆጵሮስ ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ ዝም አለ። የግሪክ ኤፍ 16 ጄቶች የተነሡት ረፋድ 5፡05 ላይ፣ የደረሱበት 5፡24 ላይ ነው። የጄቶቹ አብራሪዎች ያዩት በመቀመጫው ላይ የተዘረረ ረዳት አብራሪ ነበር። በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ወድቆ ሰዎቹ ራሳቸውን ስተዋል። ተዋጊ ጄት ደግሞ አይቶ ይናገራል እንጂ ሌላውን አውሮፕላን ማብረር አይችልም። 6፡03 ገደማ ተከስክሶ 121ዱም ሞቱ።