የእውነት ቀሚስ፣ የፍየል ደም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ፍልሰታን ከፈታን ገና ሳምንት አልሞላንም። በሱባኤው ሰሞን ከውዳሴ ማርያሙ ጎን ለጎን በየግሩፑ ሲዘዋወር የከረመውን ሁላችሁም አይታችኋል፤ በደመና ላይ የቆመች እመቤታችን፣ ጉልላቱ በእሳት የተያያዘ ቤተ ክርስቲያን፣ በደም የራሰ ነጠላ የለበሱ አረጋዊ። ከሥሩ ደግሞ «አሜን ሳትሉ እንዳታልፉ»። ብዙዎቹ ምስሎች የተቀነባበሩ ነበሩ። ያፈሰሱት እንባ ግን የእውነት እንባ ነው።

ዘፍጥረት 37ን እናንሣ። የዮሴፍ ወንድሞች የፍየል ጠቦት አርደው ቀሚሱን በደሙ ነከሩትና ለአባታቸው አደረሱት። እስኪ ሐሰቱ የቱ ጋ እንዳለ ፈልጉት። ቀሚሱ የዮሴፍ ነው፤ ያሠራለት ያዕቆብ ስለሆነ ኅብሩን ያውቀዋል። ደሙም ደም ነው። ሐሰቱ ሁለቱ መገናኘታቸው ብቻ ነው። ሜዳ ላይ ሳሉ «ክፉ አውሬ በላው» እንላለን ብለው ተማክረው ነበር (ቁ. 20)፤ አባታቸው ፊት ሲቀርቡ ግን እሱን ማለት እንኳ አላስፈለጋቸውም። ይህን አገኘን፣ የልጅህ ልብስ መሆን አለመሆኑን እየው አሉት። አውሬውን ያመጣው ራሱ ያዕቆብ ነው። ልብሱን ቀዶ፣ ማቅ ታጥቆ፣ አልጽናናም አለ።

የተቀነባበረ ፎቶ ልብ የሚሰብረው በዚሁ መንገድ ነው። ከላይ እስከ ታች ሐሰት ቢሆን ማንም አይደነግጥለትም። የምናውቀው ደብር፣ የምናውቀው ፊት፣ የምናውቀው ነጠላ አለበት፤ ልባችን ቀሚሱን ሲያውቀው ደሙን አብሮ ይቀበላል። የቀረውን ታሪክ ከራሳችን ፍርሃትና ፍቅር እንሞላዋለን። ገና ዱሮ ስንፈራው የኖርነውን ነገር የሚያሳየን ፎቶማ ማስረጃ ሳንጠይቅ እናምነዋለን።

ተፈጥሯችንም ለዚህ የተጋለጠ ነው። አእምሮ ፊትን ፊት ብሎ ለመለየት 170 ሚሊሰከንድ ገደማ ይበቃዋል፤ የሰከንድ አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። «ይህ እውነት ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ቀስ ብሎ ነው የሚደርሰው፤ እስኪደርስ ሆድ ተላውሷል። እ.ኤ.አ. በ2002 የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ኪምበርሊ ዌድና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት የ20 ሰዎች የልጅነት ፎቶ ተቆርጦ ፈጽሞ ያልወጡበት የአየር ፊኛ ላይ ተለጠፈ። ሦስት ጊዜ ከተጠየቁ በኋላ ከ20ው 10ሩ ያልሆነውን ነገር በሙሉም ሆነ በከፊል «አስታወሱት»። ማንም የሐሰት ታሪክ ቁጭ ብሎ አልነገራቸውም፤ ፎቶውን ብቻ አሳዩአቸው። እየው እንደ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሐዘንተኞች ልመለስ፤ በዚህ ነገር ብዙ የሚጎዱት እነርሱ ናቸው። ለአርባ ወይም ለሙት ዓመት ሲባል የእናት ጉርድ ፎቶ «ይታደስ» ተብሎ ለኤአይ (ለሰው ሠራሽ አስተውሎት) ይሰጣል፤ በተለይ በስደት ሆነው መርዶ የሰሙ፣ ቀብር ያልደረሱ ልጆች። ውጤቱን ሲያዩ አንዳንዶቹ ያለቅሳሉ፣ አንዳንዶቹ ስልኩን ይወረውራሉ፤ ለምን እንደሆነ መናገር ግን አይችሉም። ምክንያቱ ስሌት ነው። አሮጌው ፎቶ ላይ ፊቷ በአግድም 40 በቁመት 40 ነጥብ (ፒክስል) ቢሆን፣ ያለው መረጃ 1,600 ነጥብ ነው። ማሽኑ 400 በ400 አድርጎ ሲያወጣው 160,000 ይሆናል። ከመቶው 99ኙን የሞላው እርሱ ነው፤ የሚሞላውም ከሌሎች ሰዎች ፊት በተማረው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 እንዲህ ያለ አንድ ፕሮግራም የባራክ ኦባማን የደበዘዘ ፎቶ «አጥርቶ» ነጭ ሰው አድርጎ አወጣው። የእኛ እናቶች ላይ ሲሆን ቆዳቸውን ያቀላል፣ የግንባራቸውን የመስቀል ንቅሳት እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ይፍቀዋል፣ የነጠላውን ጥለት ያምታታዋል። ልጅ ደግሞ ያንን ንቅሳት በጣቱ እየዳሰሰ ነው ያደገው።

የሚያስደነግጠው የስሕተቱ ትልቅነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 ፒተር ቶምሰን የተባለ ተመራማሪ በማርጋሬት ታቸር ፎቶ ላይ ዓይንና አፉን ብቻ ገለበጠ። ፎቶው ተዘቅዝቆ ሲታይ ደህና ይመስላል፤ ሲቃና ግን ይዘገንናል። ፊትን የምናነበው ቁርጥራጩን እየቆጠርን ሳይሆን እንደ አንድ ሙሉ ነገር ነው። ስለዚህ ዓይኗ በፀጉር ስፋት ሲዛባ «እናቴ ናት» የሚለውና «አይደለችም» የሚለው አንድ ላይ ይጮኻሉ።

እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 የሞቱ ሰዎችን ፎቶ የሚያንቀሳቅስ መተግበሪያ ሲወጣ ዓለም አልቅሷል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ አስቀድሞ የተቀረጸ የሌላ ሰው የጭንቅላት መዞር፣ የዓይን ጥቅሻና ፈገግታ በሟቹ ፊት ላይ ይዘራል። ያዕቆብ ወንድሙን ዔሳውን መስሎ ሲቀርብ ይስሐቅ ዳስሶት ምን አለ? «ድምፁ የያዕቆብ ድምፅ ነው፤ እጆቹ ግን የዔሳው እጆች ናቸው።» ፊቱ የአባትህ ነው፣ ጥቅሻው የማታውቀው ሰው ነው። ይስሐቅ ተጠራጥሮ ነበር፤ ግን ባረከ። (ያዕቆብ አባቱን ያታለለው በጠቦት ቆዳ፣ ልጆቹ እርሱን ያታለሉት በጠቦት ደም መሆኑን ሳንረሳ።) ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላም ዊልያም መምለር የሚባል ፎቶ አንሺ ከሐዘንተኞች ጀርባ የሟች «መንፈስ» የሚታይበት ፎቶ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1869 ኒው ዮርክ ውስጥ ሲከሰስ ሌሎች ፎቶ አንሺዎች ይህ በመስታወት ፊልም ላይ ሁለት ምስል በመደራረብ እንደሚሠራ አስረዱ። በነፃ ተለቀቀ፤ ሐዘንተኛውም መምጣቱን አላቆመም።

እናንተ ያዘናችሁ፣ ፎቶ ማሠራት ኃጢአት ነው አላልኳችሁም። ዋናውን ፎቶ በስልክ አታንሱት፣ ያንጸባርቃል፤ በስካነር በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) አስነሡት። 3 በ4 ሳንቲሜትር የሆነው ጉርድ 700 በ900 ነጥብ ገደማ ይሰጣችኋል። በቴሌግራም ስትልኩት እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ አለዚያ ይጨመቃል። ፎቶ ቤቱን «ስንጥቁንና እድፉን ብቻ አጥፋ፣ ዓይንና አፍ አትንካ» በሉት። የሚናገር፣ የሚስቅ አድርጉልኝ ግን አትበሉ። ዳዊት ልጁ ሲሞት ተነሥቶ ታጥቦ፣ ወደ እግዚአብሔር ቤት ገብቶ ሰገደ፤ «እኔ ወደ እርሱ እሄዳለሁ እንጂ እርሱ ወደ እኔ አይመለስም» አለ። በአርባው ጸሎተ ፍትሐት ስሟ ሲጠራ የምትታሰበው የክርስትና ስም ያላት እናታችሁ ናት እንጂ ማሽን የሣላት ሴት አይደለችም።

ለምታሰራጩት ግን ቃሌ ሌላ ነው። ዘጸአት 23፥1 ሐሰተኛ ወሬ አታውራ ብቻ አይልም፤ አትቀበል ይላል። «እኔ አልሠራሁትም፣ ሼር ነው ያደረግሁት» ማለት ቀሚሱን ለያዕቆብ ያደረሰው ሰው የሚለው ነው። «ለቤተ ክርስቲያን ተቆርቁሬ ነው» የሚባለውም አያድንም። የአንድ ሐሰተኛ ቃጠሎ ፎቶ ከተጋለጠ በኋላ የእውነቱ ቃጠሎ ሲመጣ ማን ያምናል? ቅዱስ ሥዕልን አስታካችሁም አትከራከሩ፤ ምስለ ፍቁር ወልዳ ሥዕል መሆኑን ይናገራል፣ «ትናንት በ11 ሰዓት በደብራችን ሰማይ ታየች» አይልም።

ፎቶው ሲደርሳችሁ በጎግል ሌንስ (ፎቶውን ሰጥታችሁ ተመሳሳዩን በሚፈልግላችሁ መሣሪያ) ፈልጉት፤ አሮጌ ከሆነ የቆየ ቀኑንና የሌላ አገር ስሙን ይዞ ይወጣል። አጉልታችሁ በሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ኤአይ የሠራው ከሆነ ፊደሉ ግእዝ ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ አይነበብም። ጉልላቱን እዩ፣ መስቀሉ የእኛ ነው? ጥላው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ይወድቃል? ከዚያ በኋላ ለደብሩ ጽሕፈት ቤት ደውሉ። ይህ ሁሉ ዐሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው፣ ውዳሴ ማርያም ደግማችሁ እንኳ አትጨርሱም።

ቀድማችሁ ያሰራጫችሁ ካላችሁ መሰረዝ ብቻ አይበቃም፤ ያየው ሰው ልብ ውስጥ አልተሰረዘም። በዚያው ግሩፕ፣ ለእነዚያው ሰዎች፣ ፎቶው ሐሰት እንደነበረና የላካችሁት እናንተ እንደሆናችሁ ጻፉ። ዮሴፍ ሲሸጥ 17 ዓመቱ ነበር፣ ራሱን ለወንድሞቹ ሲገልጥ 39። በእነዚያ 22 ዓመታት ለያዕቆብ ደሙ የፍየል ነው ያለው አልነበረም፤ ዮሴፍ በሕይወት አለ ሲሉትም ልቡ ደነዘዘ እንጂ አላመናቸውም። ዘፍጥረት 37 ቁጥር 35 ደግሞ ወንዶችና ሴቶች ልጆቹ ሁሉ ሊያጽናኑት ተነሡ ይላል። ከሚያጽናኑት መካከል ቀሚሱን የነከሩት ነበሩበት።