ጋውኑን ስለ ሰቀለ ሐኪም የምንለውና እውነታው

አንድ ሐኪም ታካሚ ማየት አቁሞ ወደ ሌላ ሥራ ሲሄድ አስተያየት የሌለው ሰው የለም። ከንፈሩን የሚመጥ አለ፣ የሚቆጣም አለ። አብዛኛው አስተያየት ግን ከእውነታው የራቀ ነው። ደጋግመው የሚነሱትን እንያቸው።

«ይሄ ሁሉ ዓመት የተማረው ገደል ገባ!»

ወላጆችን በጣም የሚያንገበግበው ይህ ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው። ሕክምና የሚያስተምረው መርፌ መውጋትና መድኃኒት ማዘዝ ብቻ አይደለም። ሐኪም ያልተሟላ መረጃ ይዞ መወሰን ይለምዳል። አሥር ነገር አንድ ላይ ሲመጣበት የትኛው መቅደም እንዳለበት ያውቃል። ጥናት አንብቦ ድምዳሜው በቂ ማስረጃ እንዳለው ይመዝናል። መጥፎ ዜና ለሰው እንዴት እንደሚነገርም ያውቃል።

ይህ እውቀት ከሆስፒታል ውጭም በጣም ይፈለጋል። አዲስ መድኃኒት በሰው ላይ ሲሞከር የተሳታፊዎቹን ደኅንነት የሚከታተል ሐኪም ያስፈልጋል። መድኃኒቱ ገበያ ከገባ በኋላም ክትትሉ ይቀጥላል። ጥቂት ሺህ ሰዎች ላይ ያልታየ የጎንዮሽ ጉዳት፣ ሚሊዮኖች ሲወስዱት ብቅ ሊል ይችላል። የሚመጡትን ሪፖርቶች እያየ «ይህ ከመድኃኒቱ ነው ወይስ ከበሽታው?» ብሎ የሚመረምር ራሱን የቻለ ሙያ አለ፤ ፋርማኮቪጂላንስ ይባላል። እዚህ ቦታ ላይ ብዙ ታካሚ ያየ ሰው ዋጋው ትልቅ ነው። የሕክምና ሶፍትዌር ሥራ፣ የወረርሽኝ ጥናት፣ የሆስፒታል አስተዳደር፣ ማስተማር፣ የሕክምና ሕግም አሉ።

ደግሞስ ሙሉ በሙሉ ወደማይገናኝ ሥራ ቢሄድ? ያኔም ቢሆን ያከማቸው ሰዎች ድነው ቤታቸው ገብተዋል። ያ አይሰረዝም። ያለፉት ዓመታት ደግሞ ቀጣዩን ሠላሳ ዓመት እዚያው ለመቆየት ብቻቸውን ምክንያት አይሆኑም።

«አቅቶት ነው የሸሸው»

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ላይ፣ «በርንአውት» የሚባለው የሥራ ዝለት ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ተብሎ ሰፍሯል። በሽታ ነው አልተባለም። መነሻው በአግባቡ ሳይፈታ የቆየ የሥራ ቦታ ጭንቀት ነው። መገለጫዎቹ ሦስት ናቸው፦ አቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በስሜት መራቅና «ምንም አልሠራሁም» የሚል ስሜት። እንግዲህ ትርጉሙ ራሱ ጣቱን የሚቀስረው ወደ ሥራው ቦታ ነው።

ሌላም ቁስል አለ። ታካሚው ምን እንደሚያስፈልገው እያወቁ መስጠት አለመቻል፦ አልጋ ሲጠፋ፣ መድኃኒት ሲያልቅ፣ ለአንድ ሰው የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ሲሆን። ይህን የኅሊና ቁስል በብዛት የሚሸከመው ሙያውን የሚወድ ሐኪም ነው። ግድ የሌለው ሰውማ ምን ያቆስለዋል?

ምንም ሳይጎዱ፣ ሌላ ነገር ስቧቸው የሚወጡም አሉ። ሜ ጄሚሰን ሐኪም ነበሩ። በሴራሊዮንና በላይቤሪያም በሕክምና ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 ለጠፈርተኝነት ተመረጡና በ1992 ጠፈር የወጡ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆኑ። አቅቷቸው ሸሹ የሚል ይኖራል?

«ለገንዘብ ብሎ ነው»

አንዳንዱ አዎ፤ ነውርም አይደለም። ብዙዎች ግን አዲሱን ሥራ የሚጀምሩት ከታች ስለሆነ ገቢያቸው መጀመሪያ ላይ ሊቀንስ ይችላል።

«ሐኪም እያነሰ ጥሎ መሄድ ክህደት ነው»

እጥረቱ እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ትንበያ እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2030 ዓለም 11 ሚሊዮን ገደማ የጤና ባለሙያ ይጎድላታል። አንድ ሰው ሲወጣ የቀሩት ባልደረቦቹ የአዳር ተራ ይከብዳል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን የዛለን ሰው በይሉኝታ አስሮ ማቆየት ለታካሚውም አደጋ ነው። የተረኛነት ሰዓቱን፣ የወረቀት ሥራውን፣ የእረፍት ፈቃዱን ማስተካከል የሚችሉ ኃላፊዎች እያሉ ወቀሳውን ሁሉ በወጣው ሰው ላይ መከመር ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል።

ከሕክምና ክፍል መውጣትም ሁልጊዜ ከጤና መውጣት ማለት አይደለም። ግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ ሐኪም ሆነው ወደ ፖለቲካ ገቡ፤ የኖርዌይ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2003 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅትን መሩ። ዓለም አቀፉ የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት የጸደቀው በእሳቸው ዘመን፣ በ2003 ነው።

«አንዴ ከወጣ መመለሻ የለውም»

ደንቡ እንደየአገሩ ይለያያል። በአጠቃላይ ግን የሙያ ፈቃዱን በየጊዜው ያሳደሰና ሥልጠናውን ያልተወ ሰው በሩ አይዘጋበትም። አንዳንዶች በሳምንት አንድ ቀን ታካሚ እያዩ ሌላውን ሥራ ይሞክራሉ። ቀዶ ሕክምናን የመሰለ የእጅ ሙያ ላይ ግን መጠንቀቅ ያሻል። እጅ ከሥራ ሲርቅ ቅልጥፍናው ይቀንሳል፤ ሲመለሱም በሌላ ሐኪም ክትትል ሥር መሥራት ሊጠየቅ ይችላል።

«ከወጣ በቃ ተገላገለ»

ይህን የሚያስቡት በብዛት ሐኪሞቹ ራሳቸው ናቸው። እርግጥ ሌሊት ስልክ አይጠራም። ግን ትናንት ሁሉም ምክሩን ይሰማው የነበረ ሰው ዛሬ በዕድሜ ከሚያንሱት ሥር ጀማሪ ይሆናል። «ዶክተር» የሚለው መጠሪያ ሲቀር ማን መሆኑ ራሱ የሚጠፋበት አለ። ስለዚህ ለመውጣት የሚያስቡ ሐኪም ከሆኑ፣ ከረጅም አዳር ማግስት የመልቀቂያ ደብዳቤ አያስገቡ። መጀመሪያ የእረፍት ፈቃድ ወስደው በደንብ ይተኙ። ከዚያ «ቦታው ወይም የሥራ ክፍሉ ቢቀየር እቀጥላለሁ?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። መልሱ አዎ ከሆነ፣ ለጊዜው የሚፈልጉት ሌላ ሆስፒታል ነው።