«ውሃ አትጠጪ፣ ሽንት ቤት ያስቸግርሻል»፦ ስለ ረጅም በረራ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እናቴ በ68 ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን ተሳፍራ ወደ ዋሽንግተን ስትመጣ ደለስ ኤርፖርት የተቀበልኳት እኔ ነበርኩ። ከመውጫው በር ብቅ ስትል አዲሱን ጥቁር ጫማዋን በፌስታል አንጠልጥላ በካልሲዋ ነበር የምትራመደው። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቴ ጫን አደረግኩት፤ ጣቴን ሳነሳ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። «ምን ጠጣሽ?» ስላት «ቦሌ ከመሄዴ በፊት አንድ ሲኒ ሻይ» አለችኝ። ከቤት ከወጣች ሃያ ሰዓት አልፏት ነበር።

ከመምጣቷ በፊት እኛ ልጆቿ ሻንጣዋን ሦስት ጊዜ መዝነናል። በርበሬው ሲበዛ ሽሮውን ቀንሰናል፣ ሽሮው ሲቀንስ ድርቆሽ ጨምረናል። ስለ በረራው ግን አንዳችን እንኳ ቁጭ ብለን አላወራናትም። ያወሯት በስንብቱ ቡና ላይ የተሰበሰቡት ጎረቤቶች ናቸው፤ ሁሉም ከፍቅር የመነጨ ምክር ነበር፣ ብዙው ግን ስህተት። ያን ጊዜ የሰማቻቸውንና ከዚያ ወዲህ እኔም ደጋግሜ የሰማኋቸውን እነሆ።

«ውሃ ካልጠጡ ሽንት ቤት አይቸገሩም»

ከሁሉም የሚጎዳው ይህ ነው። አውሮፕላኑ በሚበርበት ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር እርጥበት የለውም ማለት ይቻላል። ያ አየር ተጨምቆና ሞቆ ወደ ውስጥ ስለሚገባ የካቢኑ እርጥበት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ ነው። አፍንጫ፣ ጉሮሮ፣ ዓይንና ከንፈር የሚደርቁት ለዚህ ነው። ይህ ማለት ግን ሰውነት እንደ ቋንጣ ይደርቃል ማለት አይደለም፤ አምስት ሊትር ውሃ መጠጣትም አያስፈልግም። በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ አንድ ብርጭቆ ይበቃል። ሃያ ሰዓት ሙሉ ምንም አለመጠጣት ግን ራስ ምታት፣ ድካምና የሆድ ድርቀት ያመጣል፤ ስኳር ወይም የኩላሊት ችግር ላለበት ሰው ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው።

እናቴን ቀስ ብዬ ስጠይቃት ነገሩ የውሃ ጉዳይ እንዳልነበር ገባኝ። የፈራችው ሽንት ቤቱን ነው። በሩ እንዴት እንደሚከፈት አላወቀችም፣ ሌላ ሰው ሲጠቀም የሰማችው ድምፅም አስደንግጧታል። ለወላጆቻችን አስቀድመን ልንነግራቸው የሚገባው ይህንን ነው። የብዙዎቹ በር መሃሉ ላይ ሲገፉት ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ከውስጥ መቀርቀሪያውን ሲስቡት መብራቱ ይደምቃል። ያ እንደ ነጎድጓድ የሚያስደነግጠው ድምፅ አየር የሚስብ ቧንቧ ሲከፈት የሚሰማ ነው፤ ከጥቂት ሰከንድ አያልፍም፣ ሰውም አይስብም። ክዳኑን ከድኖ የማጠቢያውን ቁልፍ መጫን ድምፁን ይቀንሰዋል። ቆሻሻውም ወደ ሰማይ አይደፋም፤ በጋን ተጠራቅሞ ኤርፖርት ላይ ይራገፋል። በሁለተኛው ጉዞዋ ይህን ካወቀች በኋላ ውሃ ለመጠጣት የማንም ጉትጎታ አላስፈለጋትም።

ባዶ ኮዳ ፍተሻውን ያልፋል፤ ከዚያ በኋላ መሙላት ወይም አስተናጋጆቹ እንዲሞሉ መጠየቅ ነው።

«እግር የሚያብጠው ከፍታው ላይ አየር ስለሚሳሳ ነው»

የአዲስ አበባ ሰው ይህን ሲል ትንሽ ይገርማል። ተሳፋሪው የሚተነፍሰው ውጭ ያለውን ስስ አየር አይደለም። የካቢኑ ግፊት ተስተካክሎ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንደሚገኝ ቦታ ይሆናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የሚያበራቸው ቦይንግ 787 ድሪምላይነሮች፣ ኋላም የመጡት ኤርባስ ኤ350ዎች ወደ 1,800 ሜትሩ የሚጠጉት ናቸው። ቦሌ ኤርፖርት ራሱ ያለው ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እናቴ ውቅያኖስ አቋርጣ ስትበር የተነፈሰችው አየር ቤቷ ደጃፍ ላይ ከምትተነፍሰው ቢወፍር እንጂ እምብዛም የሚሳሳ አልነበረም ማለት ነው።

እግር የሚያብጠው ስለማይንቀሳቀስ ነው። ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ወደ ላይ የሚገፋው የባት ጡንቻ ነው፤ ስንራመድ ይጨመቃል፣ ስንቀመጥ ሥራ ይፈታል። ፈሳሹም ቁርጭምጭሚት ላይ ይጠራቀማል። ሁለቱ እግሮች እኩል አብጠው በአንድ ሁለት ቀን ቢመለሱ አያስደነግጥም። የሚያሰጋው ደም ሥር ውስጥ የሚረጋ ደም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ሪፖርት፣ ከአራት ሰዓት በላይ በሚወስድ ጉዞ የዚህ ዕድል በእጥፍ ገደማ እንደሚጨምር ገልጿል። ይሁንና ለጤነኛ ሰው ከ6,000 አንድ ያህል ነው፤ ብዙ የሚያስፈራ አይደለም፣ የሚናቅም አይደለም። በአውቶቡስና በመኪናም ያው ነው፤ ጥፋቱ ሳይነሱ መቀመጡ ላይ ነው።

ስለዚህ ለእናት አባት ከመስኮት ዳር ይልቅ መተላለፊያው ዳር ያለውን ወንበር ያዙላቸው። ማንንም «ይቅርታ» ሳይሉ በየሁለት ሰዓቱ ይነሳሉ። ተቀምጠውም ቢሆን ተረከዝን መሬት አስደግፎ ጣቶችን ወደ ላይ ማንሳት፣ ከዚያ ጣቶችን አስደግፎ ተረከዝን ማንሳት ባትን ያሠራል። የእጅ ቦርሳ እግር ሥር ሲቀመጥ መዘርጊያ ያሳጣልና ላይ ይውጣ። እስከ ጉልበት የሚደርስ ጠበቅ ያለ የሕክምና ካልሲ ይረዳል። በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ ነፍሰ ጡር፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን የምትወስድ ወይም ካንሰር ያለበት ሰው ሐኪሙን አስቀድሞ ያማክር። «አንድ አስፕሪን ዋጥ» የሚለውን ምክር ግን ከሐኪም ካልሆነ አትቀበሉ። ካረፉ በኋላ አንዱ እግር ብቻ ካበጠ፣ ካመመና ከጋለ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

ከፍታ ካነሳን አይቀር፦ የቦሌ ስስ አየር በእርግጥ የሚጎዳው ተሳፋሪውን ሳይሆን አውሮፕላኑን ነው። ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ጭኖ ለመነሳት ስለሚከብደው፣ ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ እንደ ደብሊን ባሉ ከተሞች እያረፈ ነዳጅ ሲሞላ ኖሯል። ሲመለስ ግን ዝቅ ካለ ቦታ ስለሚነሳ በአንድ ትንፋሽ 13 ሰዓት ያህል በርሮ አዲስ አበባ ይገባል። ይህን ያልነገርናት እናቴ መንገድ ላይ ሲያርፍ «ደረስን» ብላ ቦርሳዋን አውርዳ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ለጉዞ ክት ልብስ ነው የሚለበስ»

ክብር ነው፣ ይገባኛል። ቀሚሱ ይለበስ፤ ጫማው ግን አዲስ አይሁን፣ ጠባብም አይሁን። ሰፋ ያለ፣ ሲያብጥ የሚላላ ጫማና ወፍራም ካልሲ ይመረጣል። ከነጠላው ሌላ ቀለል ያለ ጋቢ በእጅ ይያዝ፤ ካቢኑ ሌሊት ይበርዳል፣ የሚሰጠው ብርድ ልብስም ስስ ነው። ጋቢው ተጠቅልሎ ወገብ ሥር ሲገባ ከማንኛውም የአንገት ትራስ ይሻላል ባይ ነኝ።

«መድኃኒቱ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ፣ በርበሬው በእጅ»

የምንሳሳለት በርበሬው ስለሆነ እንዳይጠፋ በእጃችን እንይዘዋለን። ይህ ልማድ መገልበጥ አለበት። ወደ አሜሪካ በሚገቡ በረራዎች ላይ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ፣ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት (ከአንድ የለስላሳ ጣሳ ጥቂት የሚበልጥ ማለት ነው) በእጅ ሻንጣ ከተገኘ ተጨማሪ ፍተሻ ይደረግበታል፣ ሊጣልም ይችላል። በርበሬ፣ ሽሮና በሶ ወደ ትልቁ ሻንጣ ይግቡ። ማርና ቅቤም ፍተሻው ላይ እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠሩ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ አያልፉም። ዳቦ ቆሎ፣ ቆሎና ድፎ ዳቦ ግን በእጅ ይያዙ፤ መንገድ ላይ የሚጠቅሙት እነሱ ናቸው። ቋንጣ አሜሪካም አውሮፓም አይገባም። ሌላውን ምግብ ሲገቡ ለጉምሩክ ማሳወቅ ነው፤ የሚያስቀጣው መደበቁ ነው።

መድኃኒት በሙሉ፣ ከነማዘዣ ወረቀቱ፣ በእጅ። ሻንጣ ሊዘገይ ይችላል፣ የደም ግፊት ኪኒን ግን አይዘገይም። ኢንሱሊን በጭራሽ ወደ ትልቁ ሻንጣ አይገባም፤ በረዶ ከነካው ይበላሻል። ፓወር ባንክም ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ክልክል ነው፤ በእጅ ሆኖ እስከ 100 ዋት ሰዓት፣ ማለትም እስከ 27,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ገደማ ይፈቀዳል።

የሚጾም ሰው ካለ የጾም ምግብ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ይታዘዝለት። ተሳፍሮ መጠየቅ ዕድል ነው።

«ትኬቱ ላይ 2 ሰዓት ይላል፣ ጠዋት ነው»

ምቾት ሲጀመር ሳይደናገጡ መድረስ ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ 02:00 ማለት ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ 22:45 ማለት ከምሽቱ 4:45። በጣም የሚያሳስተው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ነው። ወደ ገልፍ አገሮች የሚሄዱ እህቶቻችን እዚህ ላይ ሲሳሳቱ አውቃለሁ። ትኬቱ «ማርች 15፣ 00:30» ካለ በእኛ ከሌሊቱ 6:30 ነው፤ ማርች 15 መጋቢት 6 ነው ብሎ የመጋቢት 6ን ማታ የጠበቀ ሰው የሚደርሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ገደማ ካለፈ በኋላ ነው። ከቤት መውጣት ያለበት መጋቢት 5 ማታ ነበር። ቀኑንም ሰዓቱንም በአማርኛ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉላቸው።

«አንድ ሁለት ብዬ፣ ወይ ኪኒን ውጬ እስክንደርስ እተኛለሁ»

መጠጥ ቶሎ ያስተኛል፣ እንቅልፉን ግን ይሰባብረዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ በሆነ የጀርመን ተመራማሪዎች ሙከራ፣ በካቢን ግፊት ውስጥ አልኮል ጠጥተው የተኙ ወጣትና ጤነኛ ሰዎች የደማቸው ኦክስጅን ወደ 85 በመቶ ገደማ ወርዶ የልብ ምታቸው ጨምሮ ታይቷል። ልብ ወይም ሳንባ ለሚያመው ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። የእንቅልፍ ኪኒን ደግሞ ስድስት ሰባት ሰዓት ሳይገላበጡ ያስቀምጣል፤ ስለ እግር ከላይ ያልኩትን አስታውሱ። ዓይን መሸፈኛና የጆሮ መድፈኛ ይሻላሉ።

«ሕፃኑ ከተኛ ሲወርድ አትቀስቅሱት»

ቀስቅሱት፣ ጡት ወይም ጡጦ ስጡት። ጆሮ የሚያመው ይበልጡን ሲወርድ ነው፤ የካቢኑ ግፊት ሲጨምር ከጉሮሮ ወደ መሃል ጆሮ የሚወስደው ቀጭን ቱቦ መከፈት አለበት፣ የሚከፍተውም መዋጥ ነው። መውረዱ የሚጀምረው ከማረፉ ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀድሞ ነው። ትልቅ ሰው ማስቲካ ያኝክ ወይም ያዛጋ። ከባድ ጉንፋን የያዘው ሰው ሐኪም ሳያይ ባይበር ይመረጣል።

«መጥታለች፣ ደክሟታል፣ ትተኛ»

እኔም የሠራሁት ስህተት ነው። ጠዋት የገባችውን እናቴን አብልቼ አስተኛኋት፤ ለሳምንት ያህል ከሌሊቱ 8 ሰዓት እየነቃች ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዋን ትቀመጥ ነበር። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ሰውነት ደግሞ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ቢያስተካክል ነው። የሚያፋጥነው የቀን ብርሃን ነው። ከደረሱ በኋላ ከግማሽ ሰዓት ያልበለጠ ሸለብ፣ ከዚያ ውጭ ወጣ ብሎ በእግር መንሸራሸር፣ እራት በጊዜ፣ መኝታ በአገሩ ሰዓት።

«ዊልቼር አካል ጉዳተኛ ላልሆነ ነውር ነው»

ትልልቅ ኤርፖርቶች ውስጥ ከበር እስከ ኢሚግሬሽን አንድ ኪሎ ሜትር መራመድ፣ ከዚያ ተሰልፎ መቆም ሊኖር ይችላል። ጉልበቱ የማይችል አረጋዊ ይህን ድጋፍ ያለ ክፍያ የማግኘት መብት አለው፤ ትኬት ሲቆረጥ ወይም ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ይጠየቃል። እግሩ ደህና ሆኖ ቋንቋ ብቻ ለሚያስቸግረው ተቀብሎ የሚያደርስ ሰው መጠየቅ ይቻል እንደሆነ አየር መንገዱን ጠይቁ፤ ወንበሩ ለሚያስፈልገው ይቅር።

እናቴ በሁለተኛው ጉዞዋ ዊልቼሩን እሺ ያለችው ለረጅም ጊዜ ከተከራከርን በኋላ ነው። ፓስፖርቷ ውስጥም አንዲት ካርድ አስገባንላት። በአንድ በኩል በእንግሊዝኛ ስሟ፣ የምትሄድበት አድራሻ፣ የእኔ ስልክ፣ የምትወስዳቸው መድኃኒቶችና «እባክዎ ውሃ» የሚል አለ። በሌላው በኩል በአማርኛ፦ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ ያርፋል፣ አትውረጂ። የሽንት ቤቱ በር መሃሉን ሲገፉት ነው። በየሁለት ሰዓቱ ተነሺ።