የፖርቶ ሪኮ ሰው ለምን ፕሬዚዳንት አይመርጥም?

ፖርቶ ሪኮ በካሪቢያን ባሕር ያለች ደሴት ናት፤ በአሜሪካ ሥር ያለች ግዛት እንጂ እንደ ፍሎሪዳ ክፍለ ግዛት አይደለችም። ተወላጆቿም ከ1917 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአሜሪካ ዜጎች ናቸው። ግን ደሴቷ ላይ የሚኖር ሰው ፕሬዚዳንት አይመርጥም።

አሜሪካ በ1898 ስፔንን አሸንፋ ፖርቶ ሪኮን፣ ጉዋምንና ፊሊፒንስን ወሰደች። ከዚያ ከፖርቶ ሪኮ ኒውዮርክ የገባ ብርቱካን ቀረጥ ተጣለበት፤ ክርክሩም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1901 ዳኞቹ 5 ለ 4 ቀረጡን አጸደቁ። ደሴቷ የአሜሪካ ንብረት ብትሆንም የአገሪቱ ሙሉ አካል አይደለችም፣ ሕገ መንግሥቱም ሙሉ በሙሉ አይሠራባትም ተባለ። በውሳኔው ውስጥ ስለ «ባዕድ ዘሮች» ተጽፏል። ለእኔ ይህ ዓይን ያወጣ ንቀት ነው።

ፕሬዚዳንት የሚመርጡት የክፍለ ግዛቶችና የዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪዎች ብቻ ናቸው። ያው ፖርቶ ሪኳዊ ፍሎሪዳ ሄዶ ነዋሪ ከሆነ ይመርጣል። ደሴቷ ኮንግረስ ውስጥ አንድ ተወካይ አላት፤ ሕግ ሲጸድቅ ግን ድምፅ አይሰጥም።